ከአዛውንቶች ጋር ስለመሥራት ለጠየቃችሁኝ

ሱሉልታ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከአረጋውያን ጋር ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ከጥያቄዎቻችሁ የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ባዶ እጅ ከመሄድ ለአዛውንቶቹ የምንሠራውን እቅድ ጨርሰን ብናወያያቸው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ያለቀ ወረቀት ይዛችሁ ከሄዳችሁ "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን" ብለው ይሸኟችኋል፣ በቃ። እኛ የደም ግፊት መለኪያ ይዘን ሄድን። አንዲት እናት ግን "ሽንት ቤት ቁጢጥ ካልኩ በኋላ መነሳት አቃተኝ፤ ብወድቅስ ብዬ ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም" አሉን። ማናችንም ይህን አላሰብነውም ነበር! የሰፈሩ ወጣቶች ሁለት እንጨት ተክለው መደገፊያ ሠሩላቸው። ወዲያው ሌሎቹም "ለእኛም ሥሩልን" አሉ። ግፊቱንም እንለካለን፤ አሁን ግን ራሳቸው እየጠሩን ነው።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ዝም ይላሉ።

መልስ፦ ለብቻቸው፣ ቡና ላይ አግኟቸው። ብዙዎቹ የሚቀናቸው ኦሮምኛ ነውና በሱ አውሯቸው። አስተርጓሚው ግን የቤቱ ልጅ አይሁን፤ በልጅ ፊት የቤት ገመና አይወራም።

ጥያቄ፦ ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ "ምን ያምዎታል?" ካላችሁ ወሬው ሁሉ ስለ መድኃኒት ይሆናል። "ድሮ ያደርጉት የነበረ፣ አሁን ያቃተዎት ምንድን ነው?" በሏቸው። ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ገበያ መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ ይሏችኋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጤናማ እርጅና የሚለው ሰው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ማድረግ መቻሉን ነው እንጂ በሽታ ጨርሶ አለመኖሩን አይደለም።

ጥያቄ፦ ያለ ሐኪም የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ይነሱ ይቀመጡ። አጠገባቸው ቁሙ። በ14 ሰከንድ ካልጨረሱ የእግራቸው አቅም በደንብ መታየት አለበትና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሯት። ዓይናቸው ከደከመም "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት። ምክንያቱ የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

ጥያቄ፦ በጀቱ ሲያልቅስ?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ቀን እድሩን ያዙ። እዚያ ጧሪ የሌለው ማን እንደሆነ፣ ከቤት መውጣት ያቆመ ማን እንደሆነ ይታወቃል። እኛ ጋ በየወሩ ሁለት ሰው ይመደብና እቤታቸው የዋሉትን ይጠይቃል። የጤና መድህን መዋጮ የማይችሉትን ደግሞ ቀበሌው የድሃ ድሃ ብሎ ሲመዘግብ ስማቸው እንዳይዘለል የእድሩ ጸሐፊ ሄዶ ያረጋግጣል።