ደብተሩን ዝጊና ጻፊ፦ ለሶሺዮሎጂ ፈተና እኔን የረዳኝ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ የተማሪነት ጊዜዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ደብተሬን ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ፣ ቾይሱ ብዙም አይከብደኝም፣ የኤሴይ ጥያቄ ሲመጣ ግን የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል» ብለሻል። እኔንም የጣለኝ ይኸው ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያው የሶሺዮሎጂ ፈተናዬ ላይ የመጣው ጥያቄ «ትምህርት ቤት ለሁሉም ተማሪ እኩል ዕድል ይሰጣል የሚለውን ሐሳብ ገምግሙ» ይላል። ደስ አለኝ። ስለ ትምህርት ቤት የማያውቅ ማን አለ? ሁለት ገጽ ሞላሁ። ሀብታም ልጅ አስጠኚ እንደሚቀጠርለት ጻፍኩ። መምህራን ጎበዙን እንደሚወዱ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ከ20 ያገኘሁት 7 ነው። ዳር ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቦታ «ማን አለ?» የሚል ተጽፎበታል፤ ይህን ያለው ማን ነው ማለቱ ነው።

የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። ግን ሶሺዮሎጂ ተምሮ የማያውቅ ሰውም ያንኑ ይጽፈው ነበር። የዚህ ትምህርት ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ርእሶቹ ቤተሰብ፣ ሃይማኖት፣ ወንጀል፣ ሥራ ናቸው። ሁላችንም የምንኖርባቸው ስለሆኑ የምናውቃቸው ይመስለናል። ፈታኙ ግን አስተያየትሽን ብቻ አይፈልግም። ሐሳቡን ማን እንዳነሳው፣ በምን ማስረጃ እንደደገፈው፣ ማን እንደተቃወመው ማየት ይፈልጋል።

ይህ አስተሳሰብ የገባኝ በአሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር በራይት ሚልስ ምሳሌ ነው። በ1959 ያነሳው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ መጽሐፎቹ ላይ የምታገኚውም እንደዚያው ነው)። 100,000 ሰው በሚኖርበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የግል ችግሩ ነው ይላል። ችሎታውን፣ ጠባዩን እናያለን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን መልሱን በአንድ ሰው ጠባይ ውስጥ አናገኘውም። ኢኮኖሚውን፣ ፖለቲካውን ማየት ግድ ይላል። ማንኛውም ጥያቄ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ይህን መነጽር አድርጊ።

አሁን ያንኑ የጣለኝን ጥያቄ ዛሬ ብመልሰው አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይሆናል (ስሞቹ ስለ ትምህርት የጻፉ ተመራማሪዎች ናቸው)፦

«ፓርሰንስ ትምህርት ቤትን ልጁን ከቤተሰብ ወደ ሰፊው ማኅበረሰብ የሚያሻግር ድልድይ አድርጎ ያየዋል። ቤት ውስጥ ልጅ የሚታየው እንደ ልጅነቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ሁሉም በአንድ መለኪያ ይመዘናል። ቦውልስና ጊንቲስ በ1976 ይህን ተቃውመዋል። በእነሱ አመለካከት ትምህርት ቤት የሥራ ቦታ አምሳያ ነው፤ ተማሪው ሰዓት ማክበርና መታዘዝን የሚለምደው ለነገ ሠራተኝነቱ ነው። ይሁን እንጂ ፖል ዊሊስ በ1977 ባወጣው ጥናት ላይ ያሉት 12 የእንግሊዝ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ታዛዥ አልነበሩም። በመምህራኖቻቸው ላይ ያፌዙ ነበር። ያም ሆኖ የገቡት ወደዚያው የጉልበት ሥራ ነው። ስለዚህ እኩልነት የሚጓደለው በማስገደድ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቹ ራሳቸው በሚፈጥሩት ባህልም ጭምር ነው።»

እስኪ ደግመሽ እይው። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ላለው መልስ እየሰጠ ነው። ስሞቹን በተርታ ደርድሬ ብተወው ኖሮ ማርኩ ግማሽ አይደርስም ነበር። «ይሁን እንጂ» የምትለዋ ቃል ናት ግምገማውን የምትጀምረው። አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ከፈለግሽ ራሱን ዊሊስንም ጠይቂው፦ 12 ወንዶች ብቻ፣ ሴቶች የሉበትም፤ ይህን ይዞ ስለ ሁሉም ተማሪ መናገር ይቻላል? ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ተማሪ የማያገኘውን ማርክ ታመጣለች።

እንዲህ ለመጻፍ መቶ ጥናት መሸምደድ አያስፈልግም። ለአንድ ርእስ አራት አምስት ይበቃል፤ ግን በደንብ የምታውቂያቸው ይሁኑ። እኔ ለእያንዳንዱ ጥናት ትንሽ ካርድ ነበረኝ። ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ፣ ምን አገኘ፣ ምን ይጎድለዋል። ለምሳሌ የሮዘንታልና የጃኮብሰን ካርድ፣ 1968። ከአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 20 በመቶ ያህሉን በዕጣ መረጡ። ለመምህራኑ «እነዚህ ዘንድሮ ፈጥነው ያድጋሉ» አሏቸው። በተለይ በታችኛዎቹ ክፍሎች ያሉት የተመረጡ ልጆች በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ተሻሻሉ። የሚጎድለው፦ መምህራኑ ተታለዋል፣ ሥነ ምግባሩ ያጠያይቃል፤ በኋላ የተደገሙ ጥናቶችም ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት አላገኙም። ይህ አንድ ካርድ ለትምህርት ርእስም፣ ስለ ስም መለጠፍ (ሰውን «ጎበዝ»፣ «ሰነፍ» ብሎ መፈረጅ) ለሚነሳ ጥያቄም፣ ለጥናት ዘዴም ያገለግልሻል። እንዲህ ሁለት ሦስት ቦታ የሚሠሩትን አስቀድመሽ ያዢ።

አሁን ወደ አጠናንሽ ልምጣ። ሦስት ጊዜ ማንበብሽ የሚያሳዝነው ያን ያህል ደክመሽበት ብዙ ስላልጠቀመሽ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው አንዴ አንብቦ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። አንቺ ላይ የሆነው ይህ ነው። ደብተሩን ስታነቢ ሁሉም ነገር የምታውቂው ይመስልሻል፤ ገጹን ስለለመድሽው ነው። ከውስጥሽ ማውጣትን ግን አልተለማመድሽም።

ስለዚህ ደብተሩን ዝጊ። ባዶ ወረቀት አውጪ። «ዱርካይም» (ከሶሺዮሎጂ መሥራቾች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊ) ብለሽ ጻፊና ስለ እሱ የምታውቂውን ሁሉ አፍስሺ። ሲያልቅብሽ ደብተሩን ክፈችና የረሳሽውን በሌላ ቀለም ሙዪ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሚው። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ እኔም ሁለት መስመር ጽፌ የቆምኩበት ቀን ብዙ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ግን ልዩነቱን ታይዋለሽ።

የጥናት ዘዴ የሚለውን ምዕራፍ ደግሞ እባክሽ አትዝለዪው። ደረቅ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይተወዋል። የሚያምታታው ሪሊያቢሊቲና ቫሊዲቲ ነው። ሁልጊዜ 2 ኪሎ ጨምሮ የሚያሳይ ሚዛን አስቢ። በመዘንሽ ቁጥር ያንኑ ቁጥር ይሰጥሻል፤ ሪሊያብል ነው። የሚነግርሽ ግን እውነተኛ ክብደትሽን አይደለም፤ ቫሊድ አይደለም። የጽሑፍ መጠይቅ ለመድገም ይመቻል፣ ግን ሰው የልቡን ላይጽፍበት ይችላል። ከሰዎቹ ጋር እየኖሩ ማጥናት የልባቸውን ያሳያል፣ ሌላ ሰው ሊደግመው ግን ይቸግረዋል። ይህ ከገባሽ በሌላ ርእስ የሚመጣ ጥናትንም በዚሁ መተቸት ትችያለሽ።

ፈተናው ላይ የትእዛዙን ቃል አስምሪበት። «ግለጹ» ካለ ምን እንደሆነ ተናግረሽ እለፊ። «አብራሩ» ካለ ምክንያቱን ጨምሪ። «ገምግሙ» ካለ ሁለቱንም ወገን አሳይተሽ ወዴት እንደምታደዪ በምክንያት ተናገሪ። ሰዓቱን በማርክ አካፍዪው። 60 ማርክ በ90 ደቂቃ ከሆነ ለአንድ ማርክ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ የ20 ማርክ ኤሴይ ግማሽ ሰዓት ይደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 4 ደቂቃዎች እንዳትሳሺ። ጠርዙ ላይ ስሞቹንና «ይሁን እንጂ» የምትይበትን ቦታ ጫር ጫር አድርጊ። እስክሪብቶሽ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ስላልወሰንሽ ነው።

የድሮ ፈተና ካገኘሽ በሰዓት ተይዘሽ ሥሪው። ካላገኘሽ ደግሞ በዚህ ጀምሪ፦ «ወንጀል ለማኅበረሰብ ጥቅም አለው የሚለውን የዱርካይም ሐሳብ ገምግሙ።» ዛሬ ማታ አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ደብተር ሳትከፍቺ። ጽፈሽ ብትልኪልኝ «ማን አለ?» የሚያስብለውን ቦታ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።