4294967297ን በእጃችሁ አካፍሉት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሙሉ በስሌት ሥራ ኖሬያለሁ። ዛሬ በጣም የምወደውን አንድ ቁጥር ላሳያችሁ፦ 4294967297።

አመጣጡ ቀላል ነው። ከ2 ጀምሩ። በራሱ ሲባዛ 4፣ 4 በራሱ 16፣ ከዚያ 256፣ ከዚያ 65536። እያንዳንዳቸው ላይ 1 ስትጨምሩ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ታገኛላችሁ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። የቱሉዙ የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ በፈረንጆቹ 1640 ይህን አይቶ፣ ሰልፉ እስከ መጨረሻው እንደዚህ ይሄዳል ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ስድስተኛው የኛው ቁጥር ነው።

አልፈርድበትም። ቁርጡን ለማወቅ ከ65536 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ያስፈልጋል ብላችሁ አስቡ። 6542 ናቸው፤ ያውም በብዕርና በወረቀት!

በ1729 የሒሳብ ሰው የነበረው ጎልድባክ ለወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ለኦይለር በደብዳቤ ጠየቀው፦ ይህ የፌርማ ነገር እውነት ነው? ኦይለር በ1732 መልሱን ይዞ መጣ። 641 ያካፍለዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ኦይለር ኋላ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ የግድ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። ስለዚህ 3ን፣ 7ን፣ 11ን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641። በአምስት ማካፈል አለቀ! ሥራ ሲበዛባችሁ ዝም ብላችሁ አትግቡበት። መጀመሪያ የትኛው መልስ ሊሆን እንደማይችል ጠይቁ።

እስቲ ወረቀት አምጡ። 257 ሲያካፍለው 2 ይቀራል፤ ለጥቂት አመለጠ። 577 ላይ ቀሪው 288 ነው። አሁን 641። 4294 ውስጥ 6 ጊዜ ይገባል፣ 448 ይቀራል። 9ን አውርዱ፦ 4489፣ 7 ጊዜ፣ ቀሪ 2። ከዚያ ሁለት ዜሮ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 1። ያ 448 እንደገና ይመጣል። የመጨረሻዋን 7 ስታወርዱ 4487 ይሆናል፤ እሱም ልክ 7 ጊዜ 641 ነው። ቀሪ ዜሮ። መልሱ 6700417። ይህቺን ዜሮ ማሽን ሲነግራችሁና በእጃችሁ ስታገኟት አንድ አይደለም፤ እባካችሁ አንዴ ሞክሩት።

ይህን የምላችሁ ስለተጎዳሁበት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የስሌት ቀመር በጥቂት ምሳሌ ሞክሬ፣ ሁሉም ልክ ስለመጣ ብቻ አስረከብኩ። ባልሞከርኩት ቁጥር ላይ ተሳሳተ፤ ሌሎች ሰዎች ሳምንታት ሙሉ እሱን ሲያርሙ ከረሙ። ያን ጊዜ «ለምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ሰልፉ ዛሬም አላለቀም። ከስድስተኛው እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ያሉት 28 ቁጥሮች አንዳቸውም ብቸኛ እንዳልሆኑ ታውቋል። እንግዲህ አሁን ደግሞ «ከ65537 በኋላ ብቸኛ የለም» ማለት ያምረናል። ፌርማ በእጁ 5 ነበሩት፣ እኛ 28 አሉን። ያረጋገጠ ግን እስካሁን የለም።