የኮርዲዬራ ብላንካ የበረዶ ግግር መመናመንና መዘዙ፦ ጥያቄና መልስ

ኮርዲዬራ ብላንካ በፔሩ አንዲስ ተራሮች ውስጥ የሚገኝ ሰንሰለት ሲሆን በምድር ወገብ ዙሪያ ካለው ሞቃታማ ቀበቶ እጅግ ብዙ የበረዶ ግግር ያለው በእርሱ ላይ ነው። በመላው ፔሩ እ.ኤ.አ. ከ1962 ወዲህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የግግር ስፋት ጠፍቷል። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በረዶ ሲቀልጥ ወንዝ ይሞላል እንጂ እንዴት ይጎድላል? ቢያስረዱን።

መልስ፦ መጀመሪያ ይሞላል፣ ኋላ ይጎድላል። ግግሩ መሳሳት ሲጀምር ወንዙ ለተወሰኑ ዓመታት ከወትሮው በላይ ይፈስሳል፤ በረዶው እያነሰ ሲሄድ ግን የሚቀልጠውም ስለሚያንስ ፍሰቱ እየወረደ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የዚህን ሰንሰለት ውኃ ሰብስቦ ወደ ባሕር ከሚወርደው ከሳንታ ወንዝ ተፋሰስ ዘጠኝ ንዑስ ተፋሰሶችን መርምሮ ሰባቱ ከፍተኛውን የፍሰት ጊዜ ማለፋቸውን አሳይቷል። ጉዳቱ የሚሰማው ዝናብ በሚጠፋበት ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ግግሩ በዝናቡ ወራት ያጠራቀመውን በደረቁ ወራት እየቆነጠረ የሚሰጥ ጎተራ ነበርና፣ ጎተራው ሲጎድል የተራራው ገበሬም፣ በባሕሩ ዳር በረሃ ከዚሁ ወንዝ በመስኖ የሚለማው ሰፊ እርሻም አብረው ይቸገራሉ።

ጥያቄ፦ የሚቀረው ውኃስ ንጹሕ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማንሳትዎ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ስለ ውኃው መጠን እንጂ ስለ ጥራቱ አይጠይቅም። በዚሁ ሰንሰለት ወዳለው የፓስቶሩሪ ግግር የሚወጣ ሰው በረዶው በለቀቀው ቦታ ላይ ድንጋዩ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ቀልቶ፣ በሥሩ ያቆረውም ውኃ ቡናማ ሆኖ ያየዋል። በአለቱ ውስጥ ፒራይት የሚባል፣ ብረትና ድኝ የያዘ ማዕድን አለ። በበረዶ ተሸፍኖ ከአየር ተከልሎ የኖረው ይህ ማዕድን አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ከድንጋዩ ውስጥ ማንጋኒዝን፣ ኒኬልንና ሌሎች ብረታ ብረቶችን እያሟሟ ወደ ወንዙ ያወርዳል። አንድም የማዕድን ጉድጓድ በሌለበት ሸለቆ ውኃው በማዕድን ማውጫ አጠገብ እንዳለ ውኃ ይበከላል፤ ከብቱ ይጠጣዋል፣ ማሳው ይጠጣዋል። በዚሁ ሰንሰለት ሥር ባለው በሪዮ ኔግሮ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ውኃውን በተከታታይ ኩሬዎችና ብረታ ብረት በሚይዙ የረግረግ ተክሎች መካከል እያሳለፉ ማጣራት ጀምረዋል። ሥራው ትንሽ ቢሆንም እኔ በጣም አከብረዋለሁ።

ጥያቄ፦ እንስሳትና ዕፅዋቱስ?

መልስ፦ በቀዝቃዛ የግግር ውኃ ብቻ መኖር የለመዱ ጥቃቅን የወንዝ ነፍሳት መሸሻ ያጣሉ፤ በደረቁ ወራት የከብቱ ግጦሽ የሆኑት የከፍታው ረግረጎችም ይደርቃሉ።

ጥያቄ፦ ኪሊማንጃሮም በረዶውን እያጣ ነው። የእኛ ወንዞችስ ያሰጋቸዋል?

መልስ፦ ኪሊማንጃሮ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ግግር ነበረው፤ በ2011 ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆኗል። ሆኖም በሥሩ ያሉ ወንዞች ውኃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከበረዶው ሳይሆን በወገቡ ካለው ደን ዝናብና ጉም ነው፤ ስለዚህ በዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደኑ ቃጠሎና ምንጠራ ነው። የኢትዮጵያ ወንዞች ደግሞ የዝናብ ልጆች ናቸው። በባሌ ተራሮች ግግር የነበረው በጥንቱ የበረዶ ዘመን ነው።

ጥያቄ፦ የጎርፍ አደጋ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። መከላከያ አለው?

መልስ፦ ግግር ሲያፈገፍግ ቀድሞ ገፍቶ ከከመረው አፈርና ድንጋይ ጀርባ ሐይቅ ይተዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1941 በኮርዲዬራ ብላንካ ያለው የፓልካኮቻ ሐይቅ ይህን ክምር ጥሶ ወርዶ በሥሩ ያለችውን የሁዋራዝን ከተማ ትልቅ ክፍል ጠራርጎ ወሰደ፤ ቢያንስ 1,800 ሰዎች ሞቱ። ሐይቁ ዛሬ መልሶ ሞልቷል፤ ከላዩ የተንጠለጠለው በረዶ ቢናድበት ማዕበሉ ወደዚያችው ከተማ ነው የሚወርደው። ፔሩ ከዚያ አደጋ ወዲህ ከ30 በላይ ሐይቆችን ቦይ በመቆፈርና ግድብ በመሥራት አረጋግታለች። በፓልካኮቻም ውኃው በትልልቅ ቱቦዎች እየተሳበ ከፍታው እንዲቀንስ ተደርጓል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ብርድ ጠባቂዎች እየተፈራረቁ ሐይቁን ቀንና ሌሊት ይመለከታሉ፣ ያዩትንም በሬዲዮ ወደ ከተማው ያስታውቃሉ።