ጠላው የመረረው ወይራው በዝቶ አይደለም

እህቴ፣ «ጋኑንም የእርጎ ቅሉንም በወይራ አጥኜ ጠላው መረረኝ፣ እርጎው ጥቁር ጥቁር ነገር አለው» ላልሽው፦ «ወይራ አብዝተሽ ነው» የሚሉሽን ቶሎ አትመኚ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እርጥበትና ሳሙና ነው።

1. ጋኑ በደንብ ይድረቅ። ከታጠበ በኋላ አፉን ደፍተሽ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አቆዪው። ሸክላ ውኃ ስለሚመጥ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጭሱ ከእንፋሎቱ ጋር ግድግዳው ላይ እንደ ቅጥራን ይለጠፋል፤ ጠላሽን የሚያመርረው እሱ ነው።

2. እንጨቱም ደረቅ ይሁን፤ ግን አይንደድ። ገል ላይ ፍም አድርጊና ሁለት እፍኝ የወይራ ፍላጭ ጨምሪበት፣ ጋኑን ሦስት ድንጋይ ላይ ድፊበት። ነበልባል ካለ የምታገኚው ጥላሸት ነው። የጋኑ ቂጥ በእጅ ሲነካ ሞቅ ሲል ይበቃዋል፤ ቀና አድርገሽ አፉን ክደኚ፣ ጥንስሱን ጭሱ ሳይወጣ ጨምሪ። ገበያ ላይ «ወይራ» ተብሎ የሚታሰረው ሁሉ ግን ወይራ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ እየቀላቀሉ የሚሸጡ አሉ፣ ምን ይባላሉ! ወይራ ሲያነሱት ይከብዳል፣ መሃሉ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያለ መስመር አለው፣ ፍሙም ቶሎ አይከስልም። ቅጠሉ አብሮት ካለ ገልብጠሽ እዪው፤ ላዩ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ ሥሩ ወደ ቢጫ ያደላ ነው።

3. ሳሙናው። ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል እየታሸ ነው፣ ቅል ደግሞ በሙቅ ውኃ። ሁለቱም ሳሙና ይመጣሉ፤ የቱንም ያህል ብታጥኚው ጠረኑ ጠላው ውስጥ ይወጣል። አንዴ በሳሙና ከታጠበ ውኃ ሞልተሽ ለሁለት ሦስት ቀን እየቀያየርሽ አሳድሪው፣ ከዚያ እንደገና አድርቂው።

ቅሉማ ቀላል ነው። አውራ ጣት የሚያህል ሦስት አራት የወይራ ፍም ጨምረሽ ክደኚው፣ አንድ ቦታ እንዳያቃጥል ቶሎ ቶሎ አሽከርክሪው። ፍሙን ከደፋሽ በኋላ ውስጡን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፤ እርጎሽ ላይ ያየሽው ጥቁር ነገር ያልተጠረገው ከሰል ነው። ወተት የሚገባው ቅሉ ሲበርድ ነው። የፕላስቲክ ጀሪካን ለማጠን አትድከሚ፤ ጭሱ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፣ ፍሙም ያቀልጠዋል።

የምታጥኚው ደጅ ይሁን፣ በተዘጋ ቤት የፍም ጭስ ይገድላል። አሁን የመረረውን ጠላ ደግሞ ውኃ ቢጨምሩበትም አይድንም፤ ድፊው።