ሞርፊኑን ልስጣት ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ነው፣ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ወር ሐኪሞቹ «ከዚህ በኋላ ቤት ሆና ሕመሟ እንዲቀልላት እናድርግ» ብለው ፈሳሽ ሞርፊን ሰጡን። ወንድሜ «ሱስ ታስይዣታለሽ፣ ልትገድያት ነው» እያለ ይጣላኛል። እኔም ፈርቼ በጣም ስትጮህ ብቻ ነው የምሰጣት። ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ቁስሏ ስለሚሸት አፍራ ጠያቂ አታስገቡ ትላለች። ምግብም እምቢ ብላ አክስቶቼ በግድ ያጎርሷታል። ምን ላድርግ? (አስታማሚ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ «በጣም ስትጮህ ብቻ» ካልሽው ልጀምር። ዛሬውኑ ልታስተካክይው የምትችይው እሱን ነው።

ፈሳሽ ሞርፊን የሚያስታግሰው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሰዓት ተጠብቆ ነው የሚሰጠው። ሕመሙ አንዴ ከተነሳ ማብረዱ ከባድ ነው፣ ሳይነሳ መያዝ ይቀላል። ብዙ ቤት የሚሰጠው ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። የማታ 4 ሰዓቷን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እጥፍ ያደርጓታል፣ እሷም አንቺም እንቅልፍ እንድታገኙ። መጠኑን ግን በራስሽ አትጨምሪ። በመሀል ሕመሙ ቢያይልባት ተጨማሪ ስንት እንደምትሰጫት ሐኪሟን ጠይቂና ደብተር ላይ ጻፊው።

የወንድምሽን ፍርሃት ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን ለካንሰር ሕመም ሐኪም ባዘዘው መጠን የሚወስድ ሰው ሱስ የሚይዘው ከስንት አንድ ነው። ሰውነቷ ስለሚለምደው በድንገት አይቋረጥም፣ ያ ግን ሱስ አይደለም። «ሞርፊን የተጀመረለት ቶሎ ሞተ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የሚጀመረው በጣም ዘግይቶ፣ በሽታው ሰውየውን ከጨረሰው በኋላ ስለሆነ ነው። በትክክል ሲሰጥ ሞት አያፋጥንም። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላት፣ ሊያቅለሸልሻት ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ስትቀሰቅሻት አልነቃ ካለች ወይም ትንፋሿ በጣም ከዘገየ ግን የሚቀጥለውን አትስጪ፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ደውዪ።

የሆድ ድርቀት ነገር ደግሞ አለ። ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሁሉ ሆዱ ይደርቃል ማለት ይቻላል። ስንት ቤት ገብቼ በሽታው ባሰበት ሲሉኝ ሳይ፣ ለካ ሰውየው ሳምንት ሙሉ ሰገራ ሳይወጣ ቆይቶ ነው የሚሰቃየው! ቢሳኮዲል የሚባለውን ወይም ሌላ ማለስለሻ አብረው ካላዘዙላት ጠይቂ። ተልባ ብቻውን አይበቃም፣ ውሃ በደንብ የማይጠጣ ሰው ላይ እንዲያውም ያብሳል።

ወደ ቁስሉ ልሂድ። ውሃ አፍልተሽ ትንሽ ጨው ጨምሪበትና አቀዝቅዢው። ማጠቢያውን ሞርፊኑን ከወሰደች ግማሽ ሰዓት በኋላ አድርጊው፣ ያኔ ብዙም አያማትም። ፋሻው ከተጣበቀ በውሃው አርሰሽ ቀስ ብለሽ አንሺው። ሽታውን የሚያመጡት ቁስሉ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ለዚህም የሜትሮኒዳዞል ኪኒን ተፈጭቶ ንጹሕ ቁስል ላይ ሲነሰነስ በጥቂት ቀናት ለውጥ ያመጣል። ሐኪሟን «ይሄን እናድርግላት ወይ?» በይው። ዕጣን እያጨሳችሁ ከሆነ ተዉት፣ ጢሱ ትንፋሽ ያሳጥራታል። መስኮት ክፈቱ። ሽታው ሲቀንስ ጎረቤቶቿን ራሷ እንደምትጠራ ተስፋ አለኝ፣ ብቻዋን መሆን ከሕመሙ የማያንስ ሥቃይ ነው።

ምግቡን በግድ አታጉርሷት። በዚህ ደረጃ ሰውነት ረሃብ ያቆማል፣ በግድ የገባው ወይ ያስመልሳታል ወይ ትን ይላታል። ከጠየቀች ሁለት ማንኪያ አጥሚት፣ ካልጠየቀች አፏን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ከንፈሯን ቫዝሊን መቀባት። አክስቶችሽን አትቆጪያቸው፣ ባዶ እጅ መቀመጥ ስላቃታቸው ነው። እግሯን በቅባት ይሹላት፣ ፀጉሯን ያበጥሩላት፣ በየ2 ሰዓቱ በጎን በጎኗ እያገላበጡ የአልጋ ቁስል ይከላከሉላት። በጾም ምክንያት ወተት ወይም መድኃኒት እምቢ ካለች የንስሐ አባቷ መጥተው ያናግሯት፣ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

አዲስ አበባ ስለሆናችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለውን ድርጅት አፈላልጊ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል። ለቀጠሮም ስትሄጂ ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። ያንኑ «ልትገድያት ነው» ያለውን ለሐኪሙ ራሱ ይጠይቅ፣ ማታ 4 ሰዓት የምትሰጠዋንም እሱ ይለካት።