የጀማሪ ኳርተርባክ ቁጥርና የሥራ ማመልከቻህ

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የስታትስቲክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በስፖርት ዳታ ትንተና መሥራት እፈልጋለሁ። ለማመልከቻዬ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በኤንኤፍኤል የሚጫወቱ ጀማሪ ኳርተርባኮችን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውሩትን ተጫዋቾች፣ የመጀመሪያ ዓመት ቁጥር ወስጄ፣ ወደፊት ማን የት እንደሚደርስ በደረጃ የሚያስቀምጥ ሥራ ሠርቻለሁ። ቤተሰቦቼ «በኳስ እንጀራ አይበላም» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሥራህን በደንብ አየሁት። ኮዱ ንጹሕ ነው፤ የደረጃ ሰንጠረዡን ግን አውጣው። ኢንተርሴፕሽንን፣ ማለትም የወረወረው ኳስ በተጋጣሚ መቀማቱን፣ ዋና መለኪያ ስላደረግኸው እዚያው ላይ ይጥልሃል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፔይተን ማኒንግ 575 ጊዜ ወርውሮ 28 ኳስ ተቀማ፤ ይህ የጀማሪዎች ክብረ ወሰን ነው። ቡድኑ ኮልትስም ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። ያው ሰው በኋላ አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2012 ደግሞ እዚሁ ጎረቤትህ ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፊን 393 ወርውሮ የተቀማው 5 ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2013 ጉልበቱ ተጎዳ፤ ያንን ዓመት ዳግም አላገኘውም።

ኢንተርሴፕሽን በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው። እውነተኛ ልኩ ከ400 ውርወራ 10 የሆነ ተጫዋች በዕድል ብቻ 4 ወይም 16 ሊሆንበት ይችላል። ሳክን፣ ማለትም ኳሱን ሳይለቅ የተጣለበትን፣ ብትጨምር ሌላ ነገር ታያለህ፦ ማኒንግ 22 ጊዜ ተጣለ፣ ከመቶ 4 አይሞላም፤ ግሪፊን 30 ጊዜ፣ ከመቶ 7 ገደማ። ሰው ጥፋቱን ከፊት በሚከላከሉለት ላይ ይጭናል፤ ኳሱን ቶሎ የመልቀቅ ልማድ ግን በአብዛኛው የራሱ የኳርተርባኩ ነው፣ ቡድን ሲቀይርም አብሮት ይሄዳል።

ይህም ቢሆን ኳርተርባኩን ጆሽ አለንን አይይዝልህም። በ2018 ከመቶ ውርወራ 52.8 ብቻ ነበር የሚሳካለት፣ ሳኩም ብዙ ነበር። በ2020 ወደ 69.2 ወጣ፣ በ2024 የሊጉ ምርጥ ሆነ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ግምት ስጥ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሌላ ነው። የወሰድኸው ቢያንስ ሦስት ዓመት የተጫወቱትን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወድቀው ቦታቸውን ያጡት ከዳታህ ወጥተዋል፤ የቀሩትን ቆጥረህ ጀማሪ ሁሉ ይሻሻላል ማለትህ አይቀርም። መልሰህ አስገባቸው። ሞዴሉን እስከ 2015 ባለው ዳታ ሠርተህ ከዚያ ወዲህ ባሉት ፈትነው። የእያንዳንዱ ጨዋታ ዝርዝር ከ1999 ጀምሮ ኤንኤፍኤልቨርስ በተባለው የዳታ ስብስብ በነጻ ይገኛል።

የቤተሰቦችህ ሥጋት ተገቢ ነው። ያሉት 32 ቡድኖች ናቸው፣ የትንተና ክፍላቸውም ትንሽ ነው። ግን ሊጉ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የዳታ ትንተና ውድድር፣ ቢግ ዳታ ቦውል፣ ለተማሪም ክፍት ነው፤ ከተሳታፊዎቹ ቡድኖች የቀጠሯቸው አሉ። ጎን ለጎን ለባንክና ለኢንሹራንስ አመልክት። የጥቂት ወራት ታሪክ ብቻ ያለው ተበዳሪ ዕዳውን ይከፍላል ወይ የሚለው ጥያቄ የአንተው ጥያቄ ነው፤ ይህንን ለወላጆችህም አስረዳቸው።

ስታርመው የአለንን ግምት ከነስፋቱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጠው። ሞዴልህ እሱን ለምን እንዳላየው በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ተለማመድ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠይቁህ ስለ እሱ ነው።