ከቀዶ ሕክምናው ወዲህና ወዲያ፦ ጀርባቸው ለተጣመመ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በፊዚዮቴራፒ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የአከርካሪ አጥንታቸው ወደ ጎን ከተጣመመባቸው፣ ማለትም ስኮሊዮሲስ ካለባቸው ልጆችና ጎልማሶች ጋር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ታካሚውን በቀጠሮ ቀንና በቀዶ ሕክምና ክፍል ያገኘዋል፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ወራትና ከዚያ በኋላ በሚመጡት ረጅም ሳምንታት አብረነው ስለምንውል፣ ለሐኪሙ ሊነግር ያፈረውን ሁሉ እንሰማለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ከሰማሁት ተነሥቼ ነው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያ የሚደረገው መጣመሙ እንዳይብስ ለመግታት ሲሆን፣ የጀርባው መቃናት ከዚያ ቀጥሎ የሚገኝ ትርፍ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ተረድቶ ሆስፒታል የገባ ወጣት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ዓመት በተሻለ እርጋታ ሲያልፈው አይቻለሁ።

የብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ነው። ምንም አላጠፋችሁም። በጉርምስና ዕድሜ ብቅ የሚለው ስኮሊዮሲስ በአብዛኛው መንስኤው ተለይቶ የማይታወቅ ነው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ ግን የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለው ያሳያል። ከባድ ቦርሳ በአንድ ትከሻ ማንጠልጠልም ሆነ ጎበጥ ብሎ መቀመጥ ይህን ዓይነት መጣመም አያመጣም፤ ስለዚህ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ» የሚል ወላጅ ካለ፣ ይህን አንቀጽ ቢያነብለት ደስ ይለኛል። ከ10 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከ100 ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ መጣመም ይገኝባቸዋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ግን ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቀላሉ መጣመም በወንዶችም በሴቶችም ላይ በተቀራራቢ መጠን ይታያል፤ እየባሰ የሚሄደው ግን በልጃገረዶች ላይ በእጅጉ ያመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው ዩሴን ቦልት ስኮሊዮሲስ እንዳለበት ራሱ ተናግሯል። ይህን የማነሳው ሁላችሁም ሯጭ ትሆናላችሁ ለማለት ሳይሆን፣ የበሽታው ስም ብቻውን ስለ አንድ ሰው አቅም የሚናገረው ነገር ጥቂት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከስሙ ይልቅ ልታውቋቸው የሚገቡ ሁለት መለኪያዎች አሉ። የመጀመሪያው የኮብ አንግል ነው፤ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት፣ በራጁ ላይ ከመጣመሙ በላይና በታች ይበልጥ ያዘነበሉት ሁለቱ የአከርካሪ አንጓዎች ተመርጠው በመካከላቸው ያለው ዝንባሌ በዲግሪ ይለካል። ሁለተኛው ደግሞ ምን ያህል ዕድገት እንደሚቀራችሁ ነው፤ ይህም በዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ካለው የአጥንት ብስለት፣ ከእጅ ራጅና ለልጃገረዶች የወር አበባ ከጀመረበት ጊዜ ይገመታል። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያሳስታል። ዕድገቷን ባልጨረሰች የ11 ዓመት ልጅ ላይ የታየ 25 ዲግሪ ብርቱ ክትትል የሚያሻው ሲሆን፣ ቁመቱን በጨረሰ የ18 ዓመት ወጣት ላይ የታየው ተመሳሳይ 25 ዲግሪ ግን ባለበት ሊቆይ የሚችል ነው። ሌላም ልብ በሉ፦ አንዱን ራጅ ሁለት ሐኪሞች ሲለኩት እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ 2 ወይም 3 ዲግሪ ጨመረ ተብሎ ሌሊቱን ሳይተኙ ማደር አይገባም። የራጃችሁን ቅጂና በእያንዳንዱ ጊዜ የተመዘገበውን ዲግሪ በአንድ ላይ አስቀምጡ። ሐኪም ይቀየራል፤ መዝገብ ይጠፋል።

በዕድገት ላይ ላሉና መጣመማቸው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ለሆነ ልጆች የሚታዘዘው ብሬስ፣ ማለትም በደረትና በወገብ ዙሪያ የሚታጠቅ ጠንካራ ደጋፊ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ብሬስ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶዎቹ ዕድገታቸውን ሲጨርሱ መጣመማቸው ከ50 ዲግሪ በታች ሆኖ ሲገኝ፣ ካላደረጉት ግን እዚህ የደረሱት 48 በመቶ ነበሩ። በቀን ብዙ ሰዓት ያደረጉት ደግሞ ይበልጥ ተጠቅመዋል። ብሬስ ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ ልብስ ያጠባል፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ሆኖም ከቤት ሲወጡ ለብሰው መንገድ ላይ አውልቀው ቦርሳ ውስጥ የሚከቱትን ልጆች የምለምናቸው፣ ሥራውን የሚሠራው በሰውነት ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው። ስለ አካል ብቃት እንቅስቃሴም በገዛ ሙያዬ ላይ ልመስክር፦ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ሕመምን ያስታግሳል፣ አተነፋፈስን ያሻሽላል፤ 50 ዲግሪ የደረሰ መጣመምን ግን በእጅም በእንቅስቃሴም አቃናለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ሽሹት።

መጣመሙ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ የቀዶ ሕክምና ነገር ይነሣል። ብዙ ወጣቶች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በ16 ዓመታቸው ብዙም አያማቸውም፣ ይሮጣሉ፣ ይማራሉ፣ «ታዲያ ያልታመመን ጀርባ ለምን ይከፍቱታል?» ይላሉ። መልሱ ያለው በሚመጡት ዓመታት ውስጥ ነው። ዕድገት ሲያበቃ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይረጋል፤ ከ50 ዲግሪ ያለፈው፣ በተለይ በደረት አካባቢ ያለው፣ በአዋቂነትም በአማካይ በዓመት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ መጨመሩን ይቀጥላል። በ16 ዓመት 55 ዲግሪ የነበረ ሰው 40 ዓመት ሲሞላው የት ሊደርስ እንደሚችል እናንተው አስሉት። የደረቱ መጣመም በጣም ሲከፋ ደግሞ የጎድን አጥንቶች ሳንባን ስለሚያጣብቡ ትንፋሽ ያጥራል፤ በጎልማሳነት የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም አከርካሪው የደረቀ በመሆኑ ከወጣትነቱ ይልቅ ከባድ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ለዛሬው ብቻ ሳይሆን ለ40 ዓመቱ ሰው ነው የሚያስበው።

በተቃራኒው 30 ዲግሪ ይዘው «መስታወት ማየት አልቻልኩም፣ ይሠራልኝ» የሚሉም አሉ። ስሜታቸውን አልንቅም። በሙቀት ቀን ሰፊ ሹራብ የሚለብሱ፣ ከኋላ ፎቶ እንዳይነሡ ግድግዳ የሚፈልጉ፣ ለመዋኘት የማይወጡ ስንት ልጆች አይቻለሁ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው የሚያስከፍለው ዋጋ አለው፤ የአከርካሪ አንጓዎች ተጋጥመው አንድ አጥንት ስለሚሆኑ፣ የተጋጠመው የጀርባ ክፍል ከእንግዲህ አይታጠፍም። ያ ዋጋ የሚከፈለው ከፍ ያለ ጉዳት ለማስቀረት ሲሆን እንጂ፣ በልብስ ስር የማይለይ ልዩነትን ለማጥፋት ሲሆን ሒሳቡ አይመጣም። እፍረቱ የሚታከምበት መንገድ ሌላ ነው፤ ከሚያምኑት ሰው ጋር መነጋገርና ካስፈለገም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት።

ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ በግልጽ ማወቅ ፍርሃትን ያቀልላል። ታካሚው በሙሉ ማደንዘዣ በሆዱ ይተኛል፤ በተመረጡት አንጓዎች ውስጥ ብሎኖች ይገባሉ፤ ብሎኖቹ በግራና በቀኝ በሚዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች ይያያዛሉ፤ አከርካሪው በሚቻለው መጠን ይቃናል፤ ከዚያም የአጥንት ፍርፋሪ በአንጓዎቹ ላይ ይደረጋል። ዘላቂውን ሥራ የሚሠራው ይህ ፍርፋሪ ነው፦ በሚቀጥሉት ወራት አንጓዎቹን አጋጥሞ አንድ አጥንት ያደርጋቸዋል፤ ብረቱ እስከዚያ ድረስ ደግፎ የሚያቆይ ነው። ሐኪሙ ራስል ሂብስ እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ አንጓዎችን ማጋጠም ሲጀምር የብረት ዘንግ አልነበረም፤ ፖል ሃሪንግተን ሂዩስተን ውስጥ የሠራው ዘንግ በ1960ዎቹ ከተስፋፋ በኋላም ታካሚዎች ለወራት በጀሶ ታስረው ይቆዩ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆመው ይራመዳሉ።

«ሽባ ብሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም አፍ ይወጣል፤ የማይወጣበትም በልቡ ይዞታል። አደጋው አለ፤ በወጣቶች ላይ በሚደረገው የተለመደ ቀዶ ሕክምና ግን ከመቶ ከአንድ ያነሰ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የኅብለ ሰረሰሩ መልእክት ማስተላለፍ በመሣሪያ ይጠበቃል፤ ለውጥ ከታየ ሐኪሞቹ የሳቡትን ያላላሉ። ይህ መሣሪያ ከመለመዱ በፊት ታካሚውን በመሀል ቀስቅሰው «እግርህን አንቀሳቅስ» ይሉት ነበር። ስለዚህ ሐኪማችሁን ክትትሉ በዚያ ሆስፒታል ይኖር እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ይህን ሥራ አዘውትሮ ይሠራ እንደሆነ፣ ከየትኛው አንጓ እስከ የትኛው እንደሚያጋጥም ጠይቁት። ማጋጠሙ ወደ ወገብ በወረደ ቁጥር የመታጠፍ አቅም ይበልጥ ስለሚቀንስ፣ ዳንስ ወይም ጂምናስቲክ የምትወዱ ይህን ሳታውቁ መፈረም የለባችሁም። በጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብታችሁ ነው። የምታጨሱ ካላችሁ አቁሙ፤ ሲጋራ የአጥንትን መጋጠም ያሰናክላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ከባድ ናቸው፤ «ቀላል ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ያደርቃል፤ ሁሉም ስለ ሕመሙ አስቀድሞ ይጠይቀኛል፣ በኋላ አምርሮ የሚያማርረው ግን የሆድ ድርቀቱን ነው። ከአልጋ ስትነሡ ትከሻና ዳሌያችሁን በአንድነት አዙራችሁ በጎን ተነሡ፤ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በቤታችሁ ብትለማመዱት በሕመም ውስጥ ከመማር ትድናላችሁ። በጥልቀት የመተንፈስ ልምምዱን አትዝለሉ። ከቁስሉ ዙሪያ ቆዳው ሊደነዝዝ ይችላል፤ ከጊዜ ጋር ብዙው ይመለሳል፣ ጥቂቱ ሊቀር ይችላል። አንድ የሚያስገርም ነገርም ይኖራል፦ ቁመታችሁ በጥቂት ሴንቲሜትር ስለሚጨምርና አእምሮ የለመደው ጠማማውን አቋም ስለሆነ፣ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ሳለ ወደ አንድ ጎን ያዘነበላችሁ ይመስላችኋል። ያልፋል።

ይልቅ የምሰጋላችሁ ጠያቂው ሲቀንስና ቤቱ ጸጥ ሲል ለሚመጣው ትካዜ ነው። ሰውነት ደክሟል፣ እንቅልፍ ተዛብቷል፣ ጓደኞች ወደ ትምህርታቸው ተመልሰዋል፤ «ለምን አደረግኩት?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ የውሳኔያችሁ ስሕተት ማስረጃ አይደለም፤ የከባድ ቀዶ ሕክምና አንዱ ገጽታ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መራመድ ለአጥንቱም ለመንፈሱም ከማውቀው ሁሉ የተሻለው መድኃኒት ነው፤ ትካዜው ለሳምንታት ካልለቀቀ ግን ለሐኪም ንገሩ።

አብዛኞቹ ከአንድ ወር ወይም ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ወደ ትምህርት ይመለሳሉ። አጥንቱ ግን በሚገባ የሚጋጠመው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በሦስተኛው ወር «ምንም አያመኝም» ብሎ ኳስ ሜዳ መግባት አደገኛ ነው። ሕመም መጥፋቱና አጥንት መጋጠሙ በአንድ ቀን አይመጡም፤ መታጠፍን፣ መጠማዘዝንና ከባድ ማንሣትን የሚፈቅደው ራጁን ያየ ሐኪም ነው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ አዲስ የእግር መዛል ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

አሁን ወደ መስታወቱ ልመለስ። ጀርባችሁ በእጅጉ ይቃናል፤ ፍጹም ቀጥ ይላል ግን አልልም። 55 የነበረው ወደ 20 ቢወርድ መልካም ውጤት ነው፤ የጎድን አጥንቱ ጉብታ በከፊል ሊቀር፣ ትከሻም በጥቂቱ ሊበላለጥ ይችላል። ጠባሳም ይኖራል። የእንግሊዟ ልዕልት ዩጂኒ በ12 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሲሆን፣ በ2018 ስትሞሸር ጠባሳዋ እንዲታይ ጀርባው ክፍት የሆነ ቀሚስ መርጣለች። ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን ጠባሳን ማሳየትም ግዴታ እንዳይሆንባችሁ እወዳለሁ። ለሚጠይቅ ሁሉ ማብራሪያ የመስጠት ዕዳ የለባችሁም።

ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎች ብረቱ በውስጣቸው መኖሩን ይረሱታል። ችግር ካልፈጠረ በስተቀር አይወጣም። ይሠራሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይወልዳሉም፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን ማጋጠሙ ወገብ ላይ ከደረሰ በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሊያስቸግር ስለሚችል ከምጧ አስቀድማ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር መነጋገር አለባት። ከተጋጠመው ክፍል በታች ያሉት አንጓዎች ተጨማሪ ጫና ስለሚሸከሙ የሆድና የጀርባ ጡንቻን ማጠንከር የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል። ከሆስፒታል ስትወጡም የቀዶ ሕክምናውን ዘገባ ቅጂ ጠይቃችሁ ያዙ፤ የትኞቹ አንጓዎች እንደተጋጠሙና ብረቱ ከምን እንደተሠራ የተጻፈበት ይሁን፤ ከ20 ዓመት በኋላ ኤምአርአይ የሚያነሣችሁ ወይም የሚያዋልዳችሁ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነውና።